እናታችንን የት እናኑር? በአሜሪካ የአረጋውያን መኖሪያ ለምትፈልጉ ልጆች ደረጃ በደረጃ

ስልኩ የተደወለው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ነበረች። «እናትሽ ሐሙስ ትወጣለች፤ የት እንደምትገባ እስከ ነገ ንገሪኝ» አለችና የሁለት ገጽ ዝርዝር ላከችልኝ። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር። በቃ። እናቴ መታጠቢያ ቤት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። ኦፕራሲዮኑ ጥሩ ሆነ፣ ግን መራመድ እስክትጀምር ቤት መመለስ አትችልም ተባልን። እኔም በምሳ እረፍቴ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ የየሕንፃውን ፎቶ በስልኬ እያየሁ፣ መግቢያው ላይ ትልቅ አበባና የሚያበራ ወለል ያለውን መረጥኩ። ከሰባት ሳምንት በኋላ አወጣናት። ለምን እንዳወጣናት ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ይህን የምጽፈው እናንተ በአንድ ምሳ ሰዓት እንዳትመርጡ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ስለሆነ አብዛኛው ነገር ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ አካባቢ ያየሁት ነው። የፌዴራል ሕግ የሆነው በሁሉም ስቴት ይሠራል፤ የስቴት የሆነውን ግን ባላችሁበት አጣሩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እኛ ዘንድ «የአረጋውያን ማዕከል» ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ጧሪ ቀባሪ ያጣ ሰው ነው። አዲስ አበባ መቄዶንያ ከጎዳና ያነሳቸው እናቶችና አባቶች ናቸው የሚታዩን። ስለዚህ ልጅ እያላት «አስገቧት» ሲባል ጆሯችን አይችለውም። እኔም ይህን ሐፍረት ለዓመታት ይዤ ኖሬያለሁ። ሐፍረቱ ለእናቴ ምንም አልጠቀማትም፤ አስቀድሜ እንዳልጠይቅ፣ እንዳላይ፣ እንዳልዘጋጅ ብቻ ነው ያደረገኝ።

ደረጃ 1፦ ሳይቸግር አውሩበት

የመጀመሪያው ሥራ ቤት ማየት ሳይሆን ማውራት ነው፤ ያውም ወላጃችሁ በደህና ሳሉ። «እማ፣ ልናስገባሽ ነው» ብሎ መጀመር ወሬውን ገና ሳይጀመር መዝጋት ነው። እኔ ሁለተኛውን ቤት ከመፈለጌ በፊት፣ ቡና ተፈልቶ ቶናው ላይ ስንደርስ፣ ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ቀኑ ጠየቅኋት። ብቻሽን ስትሆኚ ምን ትሠሪያለሽ? ሌሊት ስትነሺ ትፈሪያለሽ? ብትወድቂ ማን ይሰማሻል? ዝም ብላ ቆየችና «ቀኑ አይመሽልኝም» አለች። አስቡት። እኛ ሁለት ሥራ እየሮጥን «ቤቷ ናት፣ ምን ጎደላት» እንላለን፤ እሷ ግን ከጠዋት እስከ ማታ በማታውቀው ቋንቋ የሚያወራ ቴሌቪዥን ፊት ብቻዋን ተቀምጣለች።

ወንድምና እህት ካላችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ማን ይወስናል፣ ማን ይከፍላል፣ ማን ይመላለሳል የሚለው በግልጽ ይባል። ከሩቅ ስቴት ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ ትልቁ ተቃዋሚ ይሆናል። ክፋት አይደለም፣ የየቀኑን ነገር አላየም። አንድ ሳምንት መጥቶ ከእናቱ ጋር ይደር። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ይቀየራል።

በዚሁ ጊዜ ሁለት ወረቀት አስፈርሙ፦ የገንዘብና የንብረት ውክልና፣ እና ስለ ሕክምናቸው በእሳቸው ፋንታ የሚወስን ሰው የሚሰየምበት ውክልና። ሁለቱም የሚሠሩት ፈራሚው የሚፈርመውን እያወቀ ከፈረመ ነው። የመርሳት በሽታ ከገፋ በኋላ ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚትነት መጠየቅ ይመጣል፤ ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

ደረጃ 2፦ አንድ ሳምንት ደብተር ያዙ

ምን ያህል እርዳታ ያስፈልጋቸዋል? ይህን ሳታውቁ የትኛውም ቤት ስትገቡ ሻጩ ነው የሚነግራችሁ። ባለሙያዎቹ የሚጠይቁት ስድስት ነገር ነው፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መነሳት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት። በእያንዳንዱ ላይ ብቻቸውን ነው የሚያደርጉት፣ ሰው ቆሞላቸው ነው፣ ወይስ ሰው ሠርቶላቸው? ጻፉት። ከዚያ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ፣ ምድጃ ማጥፋት፣ ስልክ መደወልን ጨምሩበት። ሌሊቱን አትርሱ። እናቴ ቀን ቀን ደህና ነበረች፤ ሌሊት ግን ሦስት ጊዜ ትነሳለች፣ የወደቀችውም ያኔ ነው።

ልጅ ፊት ሁሉም ወላጅ ጎበዝ ነው። «ደህና ነኝ» ይላሉ። ፍሪጁን ክፈቱ፣ የመድኃኒቱን ዕቃ ቁጠሩ፣ ጋቢው መታጠቡን እዩ።

ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ሙሉ ግምገማ ጠይቁ። የማስታወስ ምርመራ ከሆነ በአማርኛ፣ በባለሙያ አስተርጓሚ ይሁን በሉ። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው በእንግሊዝኛ ተጠይቆ ቢሳሳት ረስቶ ነው ወይስ አልገባውም? ማንም አይለየውም። በዚህ የተነሳ የተሳሳተ ውጤት ፋይል ውስጥ ከገባ ደግሞ የሚቀጥለው ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያነበው።

ደረጃ 3፦ ስሞቹን ለዩ

ሁሉንም «ነርሲንግ ሆም» እያልን እንጠራቸዋለን፤ በጣም የተለያዩ ናቸው።

ራሳቸውን ለቻሉ አረጋውያን አፓርታማ አለ። ከነዚህ ውስጥ መንግሥት የሚደጉማቸው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ፣ 62 ዓመት ለሞላቸው ናቸው፤ ኪራዩ ከገቢያቸው 30 በመቶ አካባቢ ነው። በዲሲ አካባቢ እንዲህ ባሉ ሕንፃዎች እናቶቻችን በአንድ ኮሪደር ላይ ቡና ሲጠራሩ አይቻለሁ። ችግሩ ወረፋው ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ወላጃችሁ ገና ጠንካራ ሳሉ በብዙ ቦታ አስመዝግቡ። እርዳታ የሚሰጥ ሠራተኛ ግን እዚያ የለም።

አሲስትድ ሊቪንግ ማለት የራስ ክፍል ኖሮ፣ ምግብ፣ ጽዳት፣ የመድኃኒትና የመታጠብ እርዳታ የሚሰጥበት ነው። መቶ ክፍል ያለው ሕንፃም አለ፣ እንደኛ ቤት ባለ ተራ መኖሪያ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚኖሩበትም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ትንንሾቹ ብዙ ናቸው፤ ሀበሾች የሚያስተዳድሯቸውም አሉ። ሜሞሪ ኬር የሚባለው የመርሳት በሽታ ላለባቸው በሩ የሚቆለፍ፣ ሠራተኛውም ለዚያ የሠለጠነ ክፍል ነው። ነርሲንግ ሆም ደግሞ ሌት ተቀን የነርስ ክትትል ለሚያስፈልገው። እናቴ መጀመሪያ የገባችው እዚህኛው ነው፣ ለፊዚካል ቴራፒ።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሩ። ቀን ቀን የሚዋልበት፣ አዳልት ዴይ ኬር የሚባለው። ጠዋት ቫን መጥቶ ይወስዳቸዋል፣ ነርስ አለ፣ ምሳ አለ፣ ከሰዓት ይመልሳቸዋል። በእኛ አካባቢ አማርኛ የሚነገርባቸውና እንጀራ የሚቀርብባቸው አሉ። ሌሊቱ ሰላም ለሆነ ሰው ይህና ቤት የሚመጣ ረዳት ተደምሮ ለዓመታት ሊበቃ ይችላል፤ ብዙ ስቴቶች ውስጥም ለሚያሟላ ሰው ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ይከፍለዋል። ለእኛ ሌሊቱ ነው ያስቸገረን።

ደረጃ 4፦ ገንዘቡን በግልጽ ቁጠሩ

ብዙ ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። ሜዲኬር፣ በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ለረጅም ጊዜ ኑሮ አይከፍልም። ለአሲስትድ ሊቪንግ ኪራይ አይከፍልም። ኦሪጅናል ሜዲኬር (በግል ኩባንያ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ከመንግሥት የሚሰጠው) የሚከፍለው ቢያንስ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ በኋላ ነርሲንግ ሆም ገብቶ ለሚታከም ሰው ነው፤ እስከ 100 ቀን። የመጀመሪያውን 20 ቀን ሙሉውን ይከፍላል፣ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ የእናንተ ድርሻ አለ። 100 ቀኑም ቃል የተገባ አይደለም፤ ቴራፒውና የነርስ ሥራው አያስፈልግም ከተባለ ቀድሞ ይቆማል። ደግሞ ተጠንቀቁ፦ ወላጃችሁ ሆስፒታል አልጋ ላይ አራት ቀን ተኝተውም ወረቀቱ ላይ «ለክትትል» ተብለው ከተመዘገቡ ቀኑ አይቆጠርም። ገና ሆስፒታል ሳሉ «ተኝታ ታካሚ ተብላ ነው ወይ የተመዘገበችው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ካረጁ በኋላ በልጅ ግሪን ካርድ የመጡ ናቸው። ራሳቸው ወይም የትዳር ጓደኛቸው እዚህ ወደ 10 ዓመት ሠርተው ታክስ ካልከፈሉ የሜዲኬር ክፍል ኤ (የሆስፒታሉ መድን) በነፃ አይሰጣቸውም። 65 ዓመት ሞልቷቸው በግሪን ካርድ 5 ዓመት በተከታታይ ከኖሩ በየወሩ እየከፈሉ መግዛት ይችላሉ፤ ዋጋው ቀላል አይደለም። ለሜዲኬይድም አብዛኛው ባለ ግሪን ካርድ 5 ዓመት መጠበቅ አለበት። የመጤዎች ደንብ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ከጓደኛ የሰማችሁትን አትመኑ፤ የዓመቱን ሕግ ከባለሙያ ጠይቁ።

ሜዲኬይድ ነርሲንግ ሆምን ይከፍላል፣ ግን ገቢና ንብረት ያያል። በብዙ ስቴት አንድ ብቻውን ያለ ሰው ሊኖረው የሚፈቀደው ተቀማጭ 2,000 ዶላር አካባቢ ነው። ወደኋላ 60 ወር ሄዶም የባንክ ወረቀት ይመረምራል። እኛን የሚነካን ነጥብ ይኸውላችሁ። እናታችሁ ባለፈው 5 ዓመት ለወንድማችሁ ቤት መሥሪያ ወደ አገር ቤት ገንዘብ ከላከች፣ ወይም ቤቷን በስማችሁ ካዞረች፣ ያ ስጦታ ተብሎ ሊቆጠርና ለተወሰነ ጊዜ ክፍያ ሊያስከለክላት ይችላል። ስለዚህ ንብረት ከማዛወራችሁ በፊት የአረጋውያን ጉዳይ ጠበቃ አማክሩ። 60 ዓመት ለሞላው ሰው በየአካባቢው የአረጋውያን ቢሮ በኩል ነፃ የሕግ ምክር አለ።

አሲስትድ ሊቪንግን ሜዲኬይድ በልዩ ፕሮግራም የሚረዳበት መንገድ አለ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። አሁኑኑ ስም አስመዝግቡ።

ከኪስ ሲከፈል አሲስትድ ሊቪንግ በወር 5,000 እና 6,000 ዶላር የተለመደ ነው፣ በዲሲ አካባቢ ከዚያም ይበልጣል። ነርሲንግ ሆም በወር ወደ 10,000 ዶላር ይጠጋል። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ዋጋ የክፍሉ ነው። በላዩ ላይ የእንክብካቤ ደረጃ ክፍያ አለ፣ የመድኃኒት ማስተዳደሪያ አለ፣ መግቢያ ላይ አንድ ጊዜ የሚከፈል አለ፣ ዳይፐር አለ። «እናቴን የመሰለች ሰው ባለፈው ወር በጠቅላላው ስንት ከፈለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ባለፉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ በስንት በመቶ እንደጨመሩ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ደረጃ 5፦ ዝርዝሩን አሳጥሩ

ለነርሲንግ ሆም የሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ «ኬር ኮምፔር» የሚባል መፈለጊያ አለ። ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። ኮከቡ ላይ አትቁሙ። የቁጥጥር ሪፖርቱን ክፈቱና አንብቡ፤ አንዱ ጥፋት በየዓመቱ ከተደጋገመ ያ ቤት አልታረመም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ ስንት ሠራተኛ እንዳለና በዓመት ስንቱ እንደሚለቅ ይታያል። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነው።

አሲስትድ ሊቪንግ እዚያ ላይ የለም፣ የሚቆጣጠረው ስቴቱ ነው። ሜሪላንድ ላይ የጤና እንክብካቤ ጥራት ቢሮ፣ ቨርጂኒያ ላይ የማኅበራዊ አገልግሎት መምሪያ፣ ዲሲ ላይ ዲሲ ሄልዝ። ፈቃዱ በሥራ ላይ መሆኑንና እስከ የትኛው የእንክብካቤ ደረጃ እንደሚፈቅድ አጣሩ። ትንንሾቹ ቤቶች ላይ ይህን እንዳትዘሉ። ባለቤቱ የአገር ልጅ ስለሆነ ብቻ ፈቃድ አለመጠየቅ ይሉኝታ ነው፣ ዋጋውን የምትከፍለው ደግሞ እናታችሁ ናት።

በየስቴቱ ኦምቡድስማን አለ። የነዋሪዎችን ቅሬታ የሚሰማ፣ ነፃ አገልግሎት ነው። ደውላችሁ «እነዚህን ሦስት ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ? ምን ቅሬታ ይመጣል?» በሉ። የት እንደምትደውሉ ካላወቃችሁ በ1-800-677-1116 ኤልደርኬር ሎኬተር የሚባለው የአረጋውያን አገልግሎት ጠቋሚ መስመር ይመራችኋል።

ኢንተርኔት ላይ «በነፃ እንፈልግላችኋለን» የሚሉ አሉ። የሚከፍላቸው ሰው የሚልኩለት ቤት ነው፤ ስለዚህ የሚያሳዩዋችሁ ከነሱ ጋር ውል ያላቸውን ብቻ ነው። ተጠቀሙባቸው፣ ግን ሌላም ፈልጉ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ምንጭ ግን አላችሁ። እዚህ አገር ነርስና ነርሲንግ አሲስታንት ሆነው የሚሠሩ እህቶቻችን ስንት ናቸው! እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጡ፣ ዓርብ ከመስጊድ ስትመለሱ ጠይቁ። «የራስሽን እናት እዚያ ታስገቢያለሽ?» ብቻ በሉ። ፊቷን እዩ።

ደረጃ 6፦ ሦስት ጊዜ ሂዱ

አንዴ በቀጠሮ፣ አንዴ ምሳ ሰዓት፣ አንዴ እሁድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሳይነገራቸው። በቀጠሮ የምታዩት ሽያጭ ክፍሉን ነው። የማክሰኞ ረፋድ ሁሉም ቤት ያምራል። እናታችሁ የምትኖረው ግን እሁድ ማታም ነው፤ አስተዳዳሪው የለም፣ ኩሽናው ተዘግቷል፣ አንዷ ሠራተኛ ቀርታለች፣ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ደግሞ ሲመሽ ነው የሚረበሹት።

እኔ የሁለተኛውን ቤት ፍለጋ እሁድ ማታ አንድ ሕንፃ ገብቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። አንድ በር ላይ የጥሪ መብራት በርቷል። ሰዓቴን አየሁ። 19 ደቂቃ ቆየ። ሁለት ሰው በበሩ አልፏል፣ ማንም ቀና ብሎ አላየም። ከዚያ ወጣሁ፣ ተመልሼም አልሄድኩ።

ስትገቡ ሽታውን አስተውሉ። አንድ ክፍል ቢሸት ያጋጥማል፤ ኮሪደሩ በሙሉ ሽንት ሽንት ካለ ሰው በሰዓቱ አይቀየርም። ሽቶው በጣም የበዛበትም ያጠራጥራል። ከዚያ ነዋሪዎቹን እዩ። ጥፍራቸው ተቆርጧል? ጸጉራቸው ተበጥሯል? የለበሱት የራሳቸውን ነው? የውሃ ብርጭቆው እጃቸው የሚደርስበት ነው ወይስ ማዶ ጠረጴዛ ላይ? ይህቺ ትንሽ ነገር ብዙ ትናገራለች። ሠራተኛዋ ስትገባ በር ታንኳኳለች? ሰውየውን በስሙ ትጠራዋለች? ስትመግብ ተቀምጣ ነው ወይስ ቆማ፣ ስልኳን እያየች?

ሠራተኞቹን ራሳቸውን አናግሩ። ስንት ዓመት ሠራሽ? ዛሬ ማታ ስንት ሰው ይዘሻል? ሌሊት ነርስ አለ ወይስ በስልክ ነው? ሰው ሲጎድል ማን ይሸፍናል? አስተዳዳሪው በስንት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ተቀየረ? ከዚያ አንድ ነዋሪ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ጨዋታ ጀምሩ። አረጋውያን አይዋሹም፤ የሚጠይቃቸው ሰው ነው የጠፋው።

ቀሪውን በፍጥነት ልለፈው፦ ሻወሩ ውስጥ መያዣ ብረት፣ መግቢያው ላይ ደፍ አለመኖሩ፣ ማታ የሚበራ መብራት፣ ከእናንተ ቤት ያለው ርቀት። ርቀቱን አትናቁት። ጥሩ ሆኖ አንድ ሰዓት የሚርቅ ቤት ከሆነ መጀመሪያ በሳምንት ሦስቴ፣ ቀጥሎ አንዴ፣ ከዚያ በበዓል ብቻ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ ቋንቋ፣ ገበታ፣ ጸሎት

እናቴ ለምን እንደወጣች አሁን ልንገራችሁ። ዓቢይ ጾም ነበር። ምሳ ሰዓት ስደርስ ሳህኑ ላይ ፓስታ በአይብ፣ አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ወተት። በጣቷ ገፋ አድርጋዋለች። የነጠላዋን ጫፍ ስፈታው የደረቀ ዳቦ ቋጥራበታለች፤ ሌሊት ሲርባት የምትበላው። ነርሷን ስጠይቅ ፋይሉን ከፈተች። «የምግብ ፍላጎት የላትም» ይላል። ክብደቷ ቀንሷል፣ የምግብ ፍላጎት የሚጨምር መድኃኒት ሊጀምሩላት ነበር። ለምን እንደማትበላ በሰባት ሳምንት ውስጥ የጠየቃት ሰው የለም። በምን ቋንቋ ይጠይቃት?

ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። አንዷ ሠራተኛ ትራሷን ስታስተካክልላት አይቻለሁ። ግን እናቴ «ውሃ» ስትል ያልሰማ ቤት፣ ወለሉ ቢያበራም ለእናቴ ቤት አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ጠይቁ። አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ አለ? በየትኛው ፈረቃ? «አንዲት ኢትዮጵያዊት አለችን» የሚል መልስ ብዙ ትሰማላችሁ፣ እሷ ግን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሌላ ፎቅ ላይ ልትሆን ትችላለች። ሐኪም ሲመጣ አስተርጓሚ ያመጣሉ? የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ አያት የሽንቷን ነገር በልጅ አፍ አትናገርም። በመርሳት በሽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሸሸው ኋላ የተማሩት ቋንቋ ነው። ዛሬ እንግሊዝኛ የሚችሉ አባት ከሦስት ዓመት በኋላ አማርኛ ብቻ ሊቀራቸው ይችላል። ምርጫው ለያኔም ነው።

ምግቡ ላይ «ቬጀቴሪያን አለን» አይበቃም። ጾም ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል ነው፤ ዓርብና ረቡዕ ብቻም አይደለም፣ ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የዓመቱን የጾም ቀን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ለኩሽናው ስጡ። ከቤት ወጥና እንጀራ ማምጣት ይቻላል ወይ፣ የሚያስቀምጡበት ፍሪጅ አለ ወይ፣ የሚያሞቀውስ ማን ነው? ስኳር ያለባቸው ከሆነ ከሐኪሙና ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋገሩ። ታማሚ እንዲበላ የሚፈቅድ ካህን ሲነግራቸው እሺ የሚሉት ልጅ ሲነግራቸው አይሉም። ሙስሊም ወላጅ ከሆኑ ሐላል ሥጋው ከየት እንደሚመጣ፣ ለውዱእ ማን እንደሚያግዛቸው፣ እናት ስትታጠብ ሴት ሠራተኛ ብቻ እንድትሆን መጠየቅ ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ።

ዕጣን፣ ጧፍና ከሰል አብዛኛው ቦታ አይፈቀድም። ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው ባለበት ሕንፃ እሳት አደጋ ነው፣ የጭስ ማስጠንቀቂያውም ይጮኻል። አንዳንድ ቤት ግን በጋራ ክፍል፣ ሠራተኛ ባለበት፣ ጀበና በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈቅዳል። ጠይቁ። እናቴ አሁን ያለችበት ትንሽ ቤት በየእሁዱ ይፈቅድላታል፤ ጎረቤቷ አንዲት የኤልሳልቫዶር ሴት ናቸው፣ ሲኒያቸውን ይዘው ቀድመው ይቀመጣሉ።

ደረጃ 8፦ ሳታነቡ አትፈርሙ

ውሉን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። «እዚሁ ፈርሚ፣ ክፍሉ ይያዛል» ካሉ ይያዝ።

ዋናው ነገር፦ «ኃላፊ ወገን» በሚለው ቦታ ላይ በራሳችሁ ስም አትፈርሙ። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ልጅ ከኪሱ ዋስ ካልሆነ አላስገባም ማለት በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ውክልና ካላችሁ «የእናቴ ተወካይ ሆኜ» ብላችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ። እነዚህ ሦስት ቃላት የቤታችሁን ገንዘብ ያድናሉ።

ክርክር ቢነሳ ፍርድ ቤት አንሄድም የሚል የግልግል ውል አብሮ ይሰጣል። ነርሲንግ ሆም ይህን ለመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ አይችልም፤ ከፈረማችሁም በ30 ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ። አሲስትድ ሊቪንግ ላይ ይህ የፌዴራል ከለላ ስለሌለ ከመፈረም በፊት ጠበቃ ይየው።

በምን ምክንያት ሊያስወጧቸው ይችላሉ? በሽታው ቢገፋስ? ገንዘቡ አልቆ ሜዲኬይድ ቢጀምር ያቆዩዋቸዋል? ሆስፒታል ቢገቡ አልጋው ስንት ቀን ይጠበቅላቸዋል፣ ይከፈልበታል? ከነርሲንግ ሆም ለማስወጣት በአብዛኛው የ30 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ያስፈልጋል፣ ይግባኝም አለ።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከገቡ በኋላ ነው ሥራው የሚጀምረው። ነርሲንግ ሆም በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ እቅድ፣ ቀጥሎም ሙሉ ግምገማ አድርጎ የእንክብካቤ እቅድ ማውጣት አለበት። ስብሰባው ላይ ተገኙ። ጾሙንም፣ ቋንቋውንም፣ ሌሊት መነሳቱንም እዚያ ላይ አስጽፉ፤ ያልተጻፈ አይደረግም።

በተለያየ ሰዓት ሂዱ። ሁልጊዜ ቅዳሜ ረፋድ የሚመጣ ልጅ ቅዳሜ ረፋድን ብቻ ያውቃል። ቅሬታ ካላችሁ መጀመሪያ ለፈረቃው ነርስ፣ ቀጥሎ ለነርሶች ኃላፊ፣ ካልሆነ ለኦምቡድስማን። ቀኑንና ያናገራችሁትን ሰው ስም ጻፉ። ምስጋናም ይድረሳቸው፤ ሌሊት ያገዘቻትን ሠራተኛ በስሟ አመስግኑ።

እናቴ አልጋ አጠገብ አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ። በፈረንጅ ፊደል የተጻፉ አምስት ቃላት፦ ውሃ፣ አመመኝ፣ ሽንት ቤት፣ በረደኝ፣ አይዞሽ። እያንዳንዱ ፊት ለፊት ትርጉሙ። ሌሊት የምትሠራው ፊሊፒናዊት ከአምስቱ ቀድማ የያዘችው «አይዞሽ»ን ነው፤ ስትቀይራት፣ ስታገላብጣት፣ ደጋግማ ትላታለች።

መነጽሩ ላይ፣ የጆሮ መስሚያው ሳጥን ላይ፣ የሰው ሠራሽ ጥርሱ ዕቃ ላይ፣ ጋቢውና ነጠላው ጠርዝ ላይ ስማቸውን ጻፉ። የልብስ ማጠቢያው የጋራ ነው፤ የእናቴ ነጠላ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለቱንም ጊዜ የተገኘው በስሟ ነው። ወርቁን ግን ቤት አስቀሩት።